ሠርጉ የማን ነው?

በጥር ወር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ተራ ወደ አማኑኤል የሚሄድ ሰው መንገዱን ከሙሽሮች ጋር መጋራቱ አይቀርም። በአበባና በሪባን ያጌጠች መኪና ትመጣለች፤ ከፊቷ ቪዲዮ ቀራጩ በሌላ መኪና ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላዋ ሚኒባሶች ጡሩምባቸውን ያቀልጡታል። በመካከሉ ከመርካቶ ሸቀጥ ተሸክሞ የወጣ ሰው «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል። ለሙሽራ ሁሉም መንገድ ይለቃል፤ ሸክም ያለበት ሰው ግን ለማንም አይቆምም። መርካቶ ነውና ማንም አይቀየምም።

ለምን ሁሉም በጥር? መልሱ የታወቀ ነው። የነቢያት ጾም በገና ይፈታል፤ ጥምቀት ጥር 11 ይውላል፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለችው ጊዜ አጭር ናት። የከተማው ሠርግ በዚያች ክፍተትና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይታጨቃል። አዳራሹ፣ ዲኮሩ፣ ቬሎው፣ በሬው ሳይቀር ያን ጊዜ ይወደዳል። እኛ ወንጌላውያን ግን በእነዚህ አጽዋማት አልታሰርንም። በኅዳር መጨረሻ ወይም በመጋቢት ብንጋባ የሚከለክለን ሕግ የለም፤ አዳራሹም በቅናሽ ይገኛል። «ታዲያ ነጻነታችንን ለምን አንጠቀምበትም?» የሚል ወጣት በየዓመቱ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ለእኔ የዚህ ጥያቄ መልስ ስለ ሠርግ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ቁልፉ ይመስለኛል። የዚህ ሰፈር ልጅ ሲያገባ ከሚጠራው ሰው ብዙው ኦርቶዶክስ ነው፤ ጎረቤቱና የንግድ ባልደረባው ሙስሊም ነው፤ የጸሎት ቤት ሰው ከእነዚህ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። በጾም ብንደግስ አያት መጥተው አንድ ጥግ ይቀመጡና ውሃ ይጠጣሉ። «በጾም ሠርግ» ተብሎ ዘመድ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ገና ቀኑን ስንቆርጥ ሠርጉ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አምነናል ማለት ነው። በጥር የምንጨምረው ገንዘብ የአያት ወንበር ዋጋ ነው። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው ታርዶ፣ በተለየ ድስት ተሠርቶ፣ በተለየ ጠረጴዛ የሚቀርበው ምግብም እንደዚሁ ነው። ኮሚቴው ወጪ ቀንሱ ሲባል መጀመሪያ እጁን ወደዚህ እንዳይሰድ እለምናለሁ።

ሠርጉ የማን ነው? ሲባል ሁለት መልስ እንሰማለን። ወላጆች «የእኛ ነው» ይላሉ፤ በአፍ ባይሉትም ስም ዝርዝሩን ሲጽፉ ይታወቃል። ወጣቶች ደግሞ «የእኛ ቀን ነው» ይላሉ። ይህ ሁለተኛው አባባል በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ጥሩ መንፈሳዊ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ «ቀለል ያለ ሠርግ»፣ «ጌታን የሚያከብር ሠርግ»፣ «ይሉኝታ የሌለበት ሠርግ» ይባላል። ስለ መጨረሻዋ ቃል ትንሽ ልቆይ።

ይሉኝታ በእኛ ዘንድ ብዙ ተሰብኮበታል። ከሰው ፍርሃት ጋር አንድ ተደርጎ ተወግዟል። ቃሉ ራሱ «እንዲህ ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ስለሆነ ክሱ መሠረት አለው። ነገር ግን አማርኛችን «ይሉኝታ ቢስ» ሲል እያመሰገነ አይደለም። የሰው ጉዳት የማይታየው፣ የሰው ፊት ሲለወጥ የማያስተውል፣ ባለጌ ማለቱ ነው። እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የሌላውን ሰው ፊት ያያል፤ ሁለተኛው በሌላው ሰው ዓይን ውስጥ የራሱን ፊት ያያል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ደግሰው ያበላሉ፤ ሁለቱም «ሰው ምን ይላል» ይላሉ። ሠርግ ሲታቀድ ሚዛን የሚጠፋው አንዱ ሌላውን መስሎ ሲገባ ነው።

የቃና ሠርግ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ተጽፏል። በዚያ ቤት ወይን ጠጅ አለቀ። (ስለ ወይኑ ሌላ ቀን እንከራከራለን፤ ዛሬ ስለ ማለቁ ነው።) ቤተሰቡ ባለጸጋ ባይሆን ይሆናል፤ ወይም የመጣው ሰው ከታሰበው በዝቶ ይሆናል፤ ወንጌሉ አይነግረንም። ትንሽ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድለት ለዓመታት ይወራል። ማርያም ይህን አየች። ያየችው የራሷን ፊት አልነበረም፤ ድግሱ የእሷ አልነበረምና። የደጋሾቹን ፊት አየች። ጌታም «አቅማችሁን ሳታውቁ ለምን ይህን ሁሉ ሰው ጠራችሁ?» ብሎ አላስተማረም። ስድስት የድንጋይ ጋኖች እስከ አፋቸው ውሃ እንዲሞሉ አዘዘ፤ በዛሬ መለኪያ ስድስቱ በአንድነት 500 ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይይዛሉ። የአንድ ድሀ ቤተሰብ እፍረት እንዲሸፈን የመጀመሪያ ምልክቱን አደረገ። ከዚህ በኋላ ይሉኝታን በጅምላ ማውገዝ ያስቸግረኛል።

ግን አንድ ነገር እናስተውል። የድግሱ አሳዳሪ ወይኑ ከየት እንደመጣ አላወቀም። ያወቁት ውሃውን የቀዱት አገልጋዮች ናቸው። ተአምሩ በጓሮ ተሠርቶ በጓሮ ቀረ። ማንም ቆሞ አላጨበጨበለትም።

በተቃራኒው የሶምሶንን ሠርግ ተመልከቱ፤ መሳፍንት 14 ላይ ነው። ሰባት ቀን የፈጀ ድግስ፣ 30 ሚዜዎች፣ ከዚያ እንቆቅልሽና ውርርድ። ውርርዱ 30 የበፍታ ልብስና 30 የክት ልብስ ነበር። ሶምሶን ብልጫውን በሰው ፊት ለማሳየት የገባበት ዕዳ ነው። ሙሽራይቱ በድግሱ ሰሞን አለቀሰች። ዕዳው ሲደርስ ሙሽራው ወደ አስቀሎና ወርዶ 30 ሰው ገደለ፤ ልብሳቸውንም ገፎ ከፈለ። ሚስቱም ለሚዜው ተሰጠች። ይህን ክፍል በጋብቻ ትምህርት ላይ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም፤ ሊጠቀስ ይገባ ነበር። በሠርግ ምክንያት የሚመጣ ዕዳ የሚከፈለው ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ጀርባ ላይ ተገፍፎ ነው።

ከማን ጀርባ? በእኛ ዘመን መልሱን ሕጉ በግልጽ አስቀምጦታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት እንደሚሆን ይደነግጋል። የአንደኛው ዕዳ በቅድሚያ ከራሱ የግል ንብረት ይከፈላል፤ የግል ንብረቱ ካልበቃ ግን ከጋራ ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል። ወደ አማርኛ ኑሮ ስንመልሰው፣ ሙሽራው ለሠርጉ በድብቅ የተበደረውን ብር ከሠርጉ በኋላ ሙሽራይቱ በደመወዟ ትከፍላለች። የእሷም ለእሱ እንደዚያው። ስለዚህ ለሠርግ መበደርን ለእጮኛ መደበቅ፣ ገና ያልተጀመረውን ትዳር ሳያማክሩ በስሙ መፈረም ነው። ይህ በእኔ ዓይን ከቬሎው ውድነት ይልቅ ሊያስጨንቀን የሚገባ የምግባር ጥያቄ ነው።

«እኔ እቁብ ነው የወሰድኩት፤ ብድር አይደለም» የሚል ይኖራል። የመርካቶ እቁብ ደግ ነው። ሠርግ አለብኝ ላለ ሰው አባላቱ ተራቸውን ይለቁለታል፤ ዋስ ጠርቶ ይወስዳል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ዕጣ ለወሰደ ሰው እቁብ ወለድ የሌለው ብድር ነው። የቀሩትን ዙሮች ሁሉ ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ጥሉም ዋስ የሆነለትን ጓደኛ ስም ይዞ ይወጣል። በትዳር የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ የቤት ኪራይ፣ እርግዝና፣ የሥራ ለውጥ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚያፍረው ዋሱ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ እንዴት እንደናረ ከመርካቶ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በዓመቱ መጀመሪያ የተጻፈ የሠርግ በጀት በዓመቱ መጨረሻ ላይያዝ ይችላል።

ዕዳው በስጦታ ይሸፈናል የሚል ሒሳብም አለ። «ፖስታው ሲከፈት እንከፍላለን።» ይህን ሲያስብ ሙሽራው እንግዳውን ሳያውቀው የገቢ ምንጭ አድርጎታል። የጥሪ ካርዱ ደረሰኝ መሰለ ማለት ነው። ጌታ በሉቃስ 14 መልሰው ሊጋብዙን የማይችሉትን ጥሩ ብሎ አስተማረ፤ ድሆችን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ ዓይነ ስውራንን። በዚያው ምዕራፍ፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ግንብ ሊሠራ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር ይናገራል። የግንቡ ነገር የተነገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት መሆኑን አልረሳሁም። ቢሆንም የተጠሪው ዝርዝርና የወጪው ሒሳብ በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ደስ ይለኛል። እኛ አንዱን ለወላጅ፣ አንዱን ለኮሚቴው ሒሳብ ሹም ሰጥተን እንለያያቸዋለን።

ስለ ሚዜዎችም አንድ ቃል። የሚዜ ልብስ፣ ጫማ፣ ፀጉር፣ የኮሚቴ መዋጮ፤ ይህ ሁሉ በሙሽሮቹ በጀት ላይ አይታይም፤ በጓደኞቻቸው ኪስ ላይ ግን አለ። ጓደኛ «አልችልም» ማለት ያፍራል። ማፈሩን እያወቁ መጠየቅ ደግ አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት ሰፊ ድግስ የሚወዱትን የሚገሥጽ ይመስላል። አሁን ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ ምክንያቱም የዛሬ ወጣቶች ፈተና ወደዚያ እየሄደ ነው። ቀለል ያለ ሠርግ የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚቀልለው በሰው ነው እንጂ በዕቃ አይደለም። ከሰፈር ራቅ ያለ ሆቴል ይያዛል፤ አበባው፣ መብራቱ፣ ፎቶው እንዳለ ይቀራል፤ ተቆርጠው የሚወጡት ሰዎች ናቸው። ከሰማንያ ሰው ዝርዝር ውስጥ የሥራ ባልደረባ አለ፣ የመዘምራን ጓደኛ አለ፤ የእድር እናቶች የሉም። እነዚህ እናቶች ግን ሙሽራው አባቱ ሲሞቱ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ያደሩ፣ ንፍሮ የቀቀሉ፣ ውሃ የቀዱ ናቸው። በልቅሶ የጠራናቸውን በደስታ ስንተዋቸው፣ ስሙን ትሕትና ብንለውም፣ ያጠፋነው ውለታ ነው። የገንዘብ ዕዳ እንዳለ ሁሉ የውለታ ዕዳም አለ። አንደኛውን በመሸሽ ሁለተኛውን መክዳት ሚዛን አይባልም።

በእርግጥ ሰፈሩ ራሱ እየተበተነ ነው። ከመሀል ከተማ የወጣው ቤተሰብ ዛሬ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ይኖራል። ድንኳን የሚተከልበት ግቢ የለም፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ድስት አያስቀምጥም። ሆቴልና አዳራሽ መያዝ ለብዙዎች ግዴታ ሆኗል፤ ይህን አልወቅስም። የምጠይቀው ወንበር ነው። ደግሞም የድሮውን የድንኳን ሠርግ እያወደስን እናቶቹን አንርሳ። ሌሊቱን ሽንኩርት ሲከትፉ አድረው፣ ጭስ ውስጥ ቆመው፣ ቃል ኪዳኑን ሳይሰሙ፣ ሙሽራይቱን በበር ቀዳዳ ብቻ አይተው የተመለሱ ስንት ናቸው? ለእነሱ ሲባል ወጥ ሠሪ በገንዘብ ተቀጥሮ እነሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ቢቀመጡ፣ ያ ወጪ ከየትኛውም ዲኮር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለምን ሆነ? ሠርግ ምስክር ስለሚፈልግ ነው። የቤተሰብ ሕጉ እንኳ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም ጋብቻ በይፋ እንዲሆንና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክሮች እንዲገኙ ያዝዛል። ሩት ምዕራፍ 4 ላይ ቦዔዝ ነገሩን ለብቻው አልጨረሰም፤ በከተማይቱ በር አሥር ሽማግሌዎች አስቀምጦ ነው የጨረሰው። ቃል ኪዳን ሰሚ ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «እኔ እኮ ነበርሁ፤ ስትምሉ ሰምቻለሁ» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋል። ፎቶ አንሺው ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በአገራችን ወንጌላውያን ይህን በደንብ ያወቁበት ዘመን ነበር። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ሕንጻዎቿ ተወሰዱ፤ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መሰብሰብ ጀመሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ወደ 34,000 ገደማ ደርሶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ብዙ አማኞች ያለ ጥርጣሬ በአንድ ቦታ ሊገናኙ የሚችሉበት፣ ቃሉም ለማያምን ዘመድና ጎረቤት በግልጽ የሚነገርበት አጋጣሚ ሁለት ነበር፤ ሠርግና ልቅሶ። አስቡት፤ ለሳምንታት በሹክሹክታ የዘመረ ሰው በሠርግ ቤት አፉን ሞልቶ ሲዘምር። የሰዓት እላፊ ስላለ ማምሸት አይቻልም፤ ሁሉም ነገር በቀን ማለቅ አለበት። ያ ሠርግ የሙሽሮቹ «የእኛ ቀን» አልነበረም፤ የወላጆችም መታያ አልነበረም። ሁለት ወጣቶች ደስታቸውን ለተሰደደ ማኅበር መሰብሰቢያ አድርገው ሰጡት። ያን ዘመን አልናፍቅም፤ ስደት አይናፈቅም። ዛሬ ነጻነት ካገኘን በኋላ ግን የሠርጉን ቪዲዮ ሳይ፣ ካሜራው ከሙሽሮቹ ፊት ሳይነቀል አራት ሰዓት ሲቆይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን እንደተጠራ ግራ ይገባኛል።

እቅድ ስናወጣ እንግዲህ ከምን እንጀምር? «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት የሚስቀው ባለቀ ሰዓት በሚሯሯጥ ሰው ላይ ነው። የእኛ ዘመን ሙሽሮች በዚህ አይታሙም፤ ከዓመት በፊት አዳራሽ ይዘዋል፣ የዲኮር ቀለም መርጠዋል። በርበሬው ቀድሞ ተቀንጥሷል፤ የዘገየው ሠርገኛው ነው፤ ማን እንደሚመጣ የሚታሰበው በመጨረሻ፣ ወንበር ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ብሆን ተገላቢጦሹን አደርግ ነበር። መጀመሪያ ሁለቱ እጮኛሞች ተቀምጠው ስም ይጽፋሉ፤ ያሳደጓቸውን፣ የቀበሩላቸውን፣ ያስተማሯቸውን፣ ሲያኮርፉ ሊያስታርቋቸው የሚችሉትን። ቀጥሎ በእጃቸው ያለውን ብር፣ ያለ ብድርና ያለ ፖስታ ተስፋ፣ ይጽፋሉ። ከዚያ በዚያ ብር ለእነዚያ ሰዎች ምን ሊቀርብ እንደሚችል ይጠይቃሉ። ምናልባት መልሱ እንጀራና አንድ ዓይነት ወጥ ይሆናል። ምናልባት በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሻይና ዳቦ ይሆናል። ወላጆች ይከፋቸዋል፤ መከፋታቸው ግን በንቀት ሳይሆን በአክብሮት፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ሒሳቡን ዘርግቶ አሳይቶ የሚመለስ ነው። እናትን «ዘመኑ አልፎበታል» ብሎ መመለስና «እማዬ፣ ያለን ይህ ነው፤ ማንን እናስቀድም?» ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም።

በስም ዝርዝሩ ላይ ስለሚጎድል አንድ ሰው ልናገርና ላብቃ። ሰፈራችን በከተማው ሰው አፍ ላይ ያለው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ በቆየው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ምክንያት ነው። «አማኑኤል ግባ» ስድብ ሆኗል፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት መሆኑን ግን ማቴዎስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተርጉሞልናል። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ እዚያ ሆስፒታል የሚመላለስ ልጅ አለ። ሠርግ ሲደርስ «ለዚያ ቀን አክስቱ ጋ ይቆይ» ይባላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ለእሱ ታስቦ ነው፤ ጫጫታው ይከብደዋል። እውነት ሊሆን ይችላል። የሙሽራው ወገን እንዳያየው፣ በቪዲዮ እንዳይገባ ታስቦም ሊሆን ይችላል። ከላይ የተናገርኋቸው ሁለቱ ይሉኝታዎች እዚህ አንድ ዓይነት ቃል ይናገራሉ፤ ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ራሱን መጠየቅ። መምጣት እፈልጋለሁ ካለ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ፤ አጠገቡ የሚሆን፣ ሲደክመው ይዞት የሚወጣ አንድ ወንድም ከኮሚቴው ይመደብለት። ጫጫታው ይከብደኛል ካለም፣ ማለዳ ሚዜዎቹ ሳይመጡ፣ ሙሽራይቱ ገና ፀጉሯን ሳትሠራ፣ እህትና ወንድም አብረው ቁርስ ይብሉ፤ ያን ሰዓት አንድ ሰው ፎቶ ያንሣቸው። ያም ፎቶ ከሌሎቹ ጋር አልበሙ ውስጥ ይግባ።